ጄንኪንስ በራሳችን ሰርቨር ላይ፦ ከ3 ዓመት በላይ ተጠቅመን፣ አፕግሬዱ ላይ ያየሁት

ደብረ ብርሃን ውስጥ 4 ሰው ምንሰራባት ቢሮ አለችን፣ ለቁጠባና ብድር ማህበራት እና ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር እንሰራለን፣ የአንድሮይድ አፕ አለን፣ በጃቫ የተጻፈ የሰርቨር ክፍል አለን፣ ዌቡ ደሞ በኖድ (ጃቫስክሪፕት ሰርቨር ላይ ሚያስኬድ) ነው የተሰራው። ጄንኪንስን ያስገባነው የካቲት 2014 ላይ ነው። ስለሱ ብዙ ሰው ሲያወራ ወይ ነጻ ነው አሪፍ ነው ብሎ ያልፋል ወይ ደሞ አርጅቷል ጣሉት ይላል፣ እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው ረዘም አድርጌ መጻፍ ምፈልገው፣ እሱም አፕግሬዱ ነው። ምክንያቱም ዕቃውን ራሳችሁ ቤት ካስቀመጣችሁት ማደሱም የራሳችሁ ነው፣ ማንም ሌሊት መጥቶ አያድስላችሁም፣ እና ለኔ ጄንኪንስ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዛ ጋ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ኮድ ጽፋችሁ ወደ ጊት (ኮዱ ከነለውጦቹ ሚቀመጥበት) ስትልኩ ጄንኪንስ ያንን ተቀብሎ ቢልድ ያደርጋል፣ ማለት ኮዱን ወደሚሰራ አፕ ይቀይረዋል፣ ቴስቱን ያስኬዳል፣ ያለቀውን አፕ አዘጋጅቶ ያስቀምጥላችኋል፣ ካላችሁት ደሞ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል። ኮህሱኬ ካዋጉቺ ሚባል ጃፓናዊ በፈረንጆቹ 2004 ሰን ማይክሮሲስተምስ እየሰራ እያለ ሃድሰን ብሎ የጀመረው ነው፣ ኋላ ኦራክል ሰንን ሲገዛ በስሙ ላይ ክርክር ተነሳና በፈረንጆቹ 2011 ጄንኪንስ ተብሎ ለብቻው ወጣ። ይሄንን ያነሳሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም፣ እስከዛሬ ድረስ ፎልደሮቹን ስትከፍቱ ሃድሰን ሚል ስም ያላቸው ፋይሎች ታገኛላችሁ፣ አሮጌ ናቸው ብሎ ሚያልፋቸው ሰው አለ፣ ከነሱ አንዷ ግን ሙሉ ቢሮውን ልታስለቅሰን ነበር፣ እመጣበታለሁ።

ለምን ክላውድ ላይ አልተጠቀማችሁም ሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኢንተርኔቱ ሁሌ አይገኝም፣ በተገኘ ጊዜም አንድ የአንድሮይድ ቢልድ ከዜሮ ሲጀምር ሚያወርደው ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ብዛት ቀላል አይደለም፣ በዛ ላይ ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው። ስለዚህ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ 16 ጊጋ ራም አስገብተንለት፣ ኤስኤስዲ ቀይረንለት፣ ዩፒኤስ አድርገንለት ጥግ ላይ አስቀመጥነው። ማቀዝቀዣ ሚባል ነገር አላስፈለገንም፣ የኛ ከተማ 2800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጩ ውጪ ያለውን ሁሉ ነው ሚያደርቀው፣ ሰርቨሯ ግን በጣም ነው ተመችቷት ሚሰራው። ኔት ሲጠፋም ቢልዱ ቢሮ ውስጥ ይቀጥላል። በዚህ በኩል ጄንኪንስ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ በ3 ዓመት ውስጥ ዝም ብሎ እየሰራ ሳለ በራሱ የወደቀበትን ቀን አላስታውስም።

ችግሩ ዝም ብሎ መስራቱ ነው እንደውም። ስለሚሰራ አልነካነውም። የካቲት 2014 ላይ 2.319.2 ሚባለውን ነው የጫንነው፣ ከስር ያለው ጃቫ 8 ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እዛው ላይ ቆየን። ጄንኪንስ ኤልቲኤስ ሚባል የረጋ መስመር አለው፣ በየ12 ሳምንቱ አዲስ መሰረት ይመረጣል፣ በመሃል በየ4 ሳምንቱ ማስተካከያ ይወጣል፣ እኛ ያን ሁሉ አሳልፈናል። ከዛ ጥር 15 ቀን 2016፣ ጥምቀት ባለፈ በ4ኛው ቀን፣ አንድ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆነ፣ በቀዳዳዎች መዝገብ ላይ ሲቪኢ 2024-23897 ሚባለው። መግቢያ ሌለው ሰው በጄንኪንሱ ኮማንድ ላይን (በጽሁፍ ትዕዛዝ ሚሰጥበት) በኩል ሰርቨሩ ላይ ያለ ፋይል ማንበብ ሚያስችለው ነው፣ ማስተካከያው 2.442 ላይ፣ በኤልቲኤስ ደሞ 2.426.3 ላይ ነው የወጣው። ቀዳዳውን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ሚያሳይ ኮድ በቀናት ውስጥ ወጣ። ደነገጥን። የኛ ሰርቨር ለውጪ ክፍት ባይሆንም የቢሮው ዋይፋይ ላይ ብዙ ሰው ይገባል ይወጣል።

እና ምን አደረግን፣ በዛው ቀን ማታ፣ በዛው ሰርቨር ላይ፣ ከ2.319.2 ወደ 2.426.3 ባንዴ ልንዘል ተነሳን።

መጀመሪያ ፓኬጁን አላወርድም አለ፣ ፊርማው አይታወቅም ይላል። ለካ የጄንኪንስ ፓኬጆች ሚፈረሙበት ቁልፍ በፈረንጆቹ 2023 ተቀይሯል፣ ከ2.387.2 ጀምሮ አዲሱን ቁልፍ ማስገባት አለባችሁ። እዚህ ጋ አንዱ ልጅ ፊርማ ማጣራቱን አጥፍተን እንለፍ አለ፣ እሱን እንኳን እምቢ ብለን ትክክለኛውን ቁልፍ ከጄንኪንስ ከራሱ ገጽ አምጥተን አስገባን፣ የዛን ቀን በትክክል የሰራነው ብቸኛ ነገር እሱ ነው። ቀጥሎ ተጫነ ግን አይነሳም፣ ሎጉን ስናይ ጃቫ 8 አይበቃኝም ቢያንስ 11 አምጡ ይላል፣ ከ2.361.1 ጀምሮ እንደዛ ሆኗል። ጃቫውን ቀየርን። ተነሳ፣ ግን ፕለጊኖቹ (ጄንኪንስ ላይ ሚጨመሩ ትንንሽ ሶፍትዌሮች) ግማሹ ቀይ ሆኖ መጣ፣ ከነሱ ውስጥ ሰሪው ከተወው ዓመታት ያለፈው አንድ ፕለጊን አለ፣ እሱ አልነሳ ሲል በሱ ዓይነት የተሰሩ ጆቦች (ጄንኪንስ እንዲሰራቸው የተመዘገቡ ስራዎች) በሙሉ ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። ፋይላቸው ዲስኩ ላይ አለ፣ ጄንኪንስ ግን ምን እንደሆኑ ስለማያውቅ አያነሳቸውም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ጋቢ ተከናንበን አራታችንም ስክሪኑን እያየን ነው። በቃ ወደ ድሮው እንመለስ ተባለ፣ ማሽኑን ፎርማት አድርገን ከባካፕ እናነሳዋለን ተባለ። አሁን ሳስበው ፎርማት ማድረጉ ምን አስቸኮለን፣ ግን ሰው እንቅልፍ አጥቶ ሲወስን እንደዛ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ባልደረባዬ ያኔ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ «አንተ ባካፑን ግን ከፍተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ባካፕ በየሳምንቱ ይወሰዳል፣ መጠኑን አያለሁ፣ ቀኑን አያለሁ፣ አንድም ቀን ግን ሌላ ማሽን ላይ አንስቼ አልሞከርኩትም። ማሽኑ ደሞ ፎርማት ተደርጓል።

ባካፑ ጆቦቹን ይዟል፣ ሴቲንጉን ይዟል፣ ሴክሬትስ ሚለውን ፎልደር ግን አልያዘም። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፓስወርድ ነገር ባካፕ ውስጥ ባይገባ ይሻላል ብዬ አስቤ ነው ያስወጣሁት። እዛ ፎልደር ውስጥ ማስተር ኪ ሚባል ፋይል እና ሃድሰን ዩቲል ሴክሬት ሚባል ፋይል አሉ፣ ጄንኪንስ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ሁሉ ሚቆልፈውና ሚከፍተው በነሱ ነው፣ ከላይ አሮጌ ስም ያላት ፋይል ያልኳችሁ ይቺ ነች። እነሱ ከሌሉ የክሬደንሻሉ (ያስቀመጣችሁት ፓስወርድና ቁልፍ) ዝርዝር ይታያችኋል፣ ውስጡ ግን አይከፈትም። የጊቱ ቁልፍ፣ የሰርቨሮቹ መግቢያ፣ የአንድሮይዱ ኪስቶር (አፑ ሚፈረምበት ቁልፍ ያለበት ፋይል) ፓስወርድ በሙሉ እዛ ነበር። የኪስቶሩ ኮፒ ከነፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ የብረት ካቢኔት ውስጥ ስለነበረ ነው የተረፍነው፣ ሌላውን አንድ በአንድ አዲስ እያወጣን ለማስገባት አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን።

ይሄ ለምን እንዲህ ያሳስበኛል መሰላችሁ፣ የኛ ደንበኞች ደብረ ሲና አሉ፣ ሸዋ ሮቢት አሉ፣ መሃል ሜዳ አሉ። አፑ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቶ ከሄደ በስልክ ማይፈታ ከሆነ አንዳችን ሚኒባስ ይዘን በጣርማ በር በዛ ጉም ውስጥ ቁልቁል መውረድ ነው። ማህበሩ ደሞ በሳምንት አንድ ቀን ነው ሚሰበሰበው፣ ያቺ ቀን ካለፈች አባላቱ ቁጠባቸውን በወረቀት አስገብተው በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ ቢልድ ሰርቨር ተበላሸ ማለት ቢሮ ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛውን ሙከራ የካቲት ላይ ነው ያደረግነው፣ ያኔ የሰርቨሩን ሙሉ ኮፒ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንስተን እዛ ላይ ነው የጀመርነው፣ ዋናው አልተነካም። ኮፒውን ከመውሰዳችን በፊት ጄንኪንሱን ለመዝጋት ተዘጋጅ ሚለውን ነክተን የተጀመረው ቢልድ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ሴክሬትስ ፎልደሩንም ያዝን፣ ማስተር ኪውን ደሞ ለብቻው ፍላሽ ላይ አድርገን ካቢኔቱ ውስጥ አስገባን፣ ምክንያቱም ከባካፑ ጋር አንድ ላይ ከተቀመጠ ባካፑን ያገኘ ሰው ሁሉንም ፓስወርድ አገኘ ማለት ነው። ቢልድ ሲደረግ ኮዱ ሚወርድበትን ወርክስፔስ ሚባለውን ፎልደር ግን ተውነው፣ እሱ እንደገና ሚፈጠር ነው፣ ዝም ብሎ ባካፑን ያሳብጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ማንም አስቀድሞ አልነገረንም። ኮፒው ሲነሳ ኮፒ መሆኑን አያውቅም። እሱ ዋናው ነኝ ብሎ ነው ሚያስበው፣ ሰዓቱ ሲደርስ የታዘዘውን ይሰራል። ላፕቶፑን አንስተን ቤታችን ሄድን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሚሮጥ ጆብ ነበረ፣ አፑን ለልምምድ ያዘጋጀነው ሰርቨር ላይ እንደ አዲስ ሚጭን፣ ሲጭን ደሞ ዳታቤዙን ከባዶ ነው ሚጀምረው። ዋናው ላይ ያንን ጆብ አጥፍተነው ነበር፣ ምክንያቱም አንድ ማህበር ስልጠና ጀምሮበታል፣ ኮፒው ግን ከማጥፋታችን በፊት ከተወሰደ ባካፕ ነው የተነሳው። ጠዋት የማህበሩ ሒሳብ ያዥ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያስገባነው የአባላት ስም የት ሄደ?» «እትዬ ምን ሰዓት ላይ ነው ያዩት?» «ጠዋት ስንከፍተው ባዶ ነው እኮ!» የልምምድ ሰርቨር ስለሆነ ገንዘብ አልነበረበትም፣ ግን እኒያ ሴትዮ በሁለት ጣት እየለቀሙ ያስገቡት የሰው ስም ነው፣ አንዳችን ወርደን ይቅርታ ጠይቀን አብረናቸው እንደገና አስገባን። ከዛ ወዲህ ኮፒ ስናነሳ መጀመሪያ የኔትወርክ ኬብሉን እንነቅላለን፣ ሲነሳ ሁሉንም በሰዓት ሚሮጡ ጆቦች እናጠፋለን፣ ወደ ደንበኛ ሰርቨር ሚወስዱ ክሬደንሻሎችን ከኮፒው ላይ እናወጣለን፣ ከዛ በኋላ ነው ኬብሉ ሚሰካው።

አሁን ዋናው ነገር። ባንዴ ከመዝለል ይልቅ ድልድይ ሚሆን ቨርዥን መፈለግ ነው የተማርነው። ጄንኪንስ 2.346.3 በጃቫ 8ም ይነሳል በ11ም በ17ም ይነሳል፣ ከሱ በኋላ ያለው ኤልቲኤስ ጃቫ 8ን አይቀበልም። ስለዚህ መጀመሪያ ጃቫውን ሳንነካ ጄንኪንሱን ብቻ 2.346.3 ላይ አደረስነው፣ ፕለጊኖቹን ለሱ በሚስማማ ቨርዥን አደረግናቸው፣ ሁሉም ጆብ መነሳቱን አየን። ከዛ ጄንኪንሱን ሳንነካ ጃቫውን ብቻ ወደ 17 ቀየርን፣ አሁንም አየን። ከዛ በኋላ ነው ወደ 2.426.3 የሄድነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሚወርድ ሰው ደጋውን ጨርሶ ቆላውን ሚጀምረው ጣርማ በር ላይ ነው፣ ሌላ መንገድ አቋርጦ በገደሉ ልውረድ አይልም፣ ቨርዥንም እንደዛ መውጫና መግቢያው ሚገናኝበት በር አለው። ሶስት እርምጃ ሆነ፣ በያንዳንዱ እርምጃ ላይ አንድ ነገር ብቻ ስለተቀየረ ሲበላሽ ምን እንዳበላሸው ወዲያው ይታወቃል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጄንኪንሱን፣ ጃቫውንና 60 ምናምን ፕለጊን ባንድ ሌሊት ስለቀየርን ነው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ያላወቅነው።

በመሃል ላይ ደሞ 2.332.1 ላይ የሊኑክሱ ፓኬጅ ወደ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን ሚያስነሳው) ዞሯል፣ ድሮ ዲፎልት ፋይል ውስጥ ትጽፉት የነበረው የሜሞሪ መጠንና የፖርት ቁጥር አሁን በሲስተምዲ በኩል ነው ሚስተካከለው፣ ካለፋችሁ በኋላ የራሳችሁ ቁጥር አብሮ መምጣቱን እዩ። የኤልቲኤስ አፕግሬድ መምሪያ ሚባል ገጽ አላቸው፣ ከየትኛው ወደ የትኛው ስትሄዱ ምን እንደሚቀየር በየቨርዥኑ ጽፈውታል፣ እውነቴን ነው ምላችሁ ከነጻ ሶፍትዌር ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ የተጻፈ መምሪያ ብዙ አላየሁም። ያኔ ማታ 20 ደቂቃ አንብበነው ቢሆን ኖሮ ከላይ የተናገርኩት አብዛኛው አይደርስም ነበር። መዝለል ካለባችሁም በመሃል ያሉትን ሁሉ አንብቡ፣ መጨረሻውን ብቻ አይደለም።

ብዙ ሰው ሚያምታታው ሌላ ነገር፣ ጄንኪንስ ራሱ ሚሮጥበት ጃቫ እና የናንተ ኮድ ቢልድ ሚደረግበት ጃቫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጄንኪንስን ወደ 17 ስላሻገርን አሮጌው የትምህርት ቤት ፕሮጀክታችን ወደ 17 መሻገር የለበትም፣ እሱ እስካሁን በ8 ነው ኮምፓይል ሚደረገው፣ ቱልስ ሚለው ቦታ ላይ ሁለቱንም ጃቫ አስገብታችሁ እያንዳንዱ ጆብ የራሱን ይመርጣል። ኤጀንት ካላችሁ ግን፣ ማለት ስራውን ሚያግዝ ሌላ ማሽን፣ እዛ ላይ ያለው የኤጀንቱ ጃቫ ከዋናው ጋር አብሮ ማደግ አለበት።

አንድሮይዱ ደሞ የራሱ ሰንሰለት አለው፣ እና ይሄኛው እናንተ ባትፈልጉም ይጎትታችኋል። ከነሐሴ 25 ቀን 2016 ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ላይ ሚገባ አዲስ አፕና አፕዴት ኤፒአይ 34ን (የአንድሮይድ 14 ቁጥር ነው) ታርጌት ማድረግ አለበት ተባለ። 34 ሚፈልገው የአንድሮይድ ግሬድል (አፑን ቢልድ ሚያደርገው መሳሪያ) ፕለጊን 8.1.1ን ነው፣ እሱ ደሞ ግሬድል 8.0ን፣ ያው ፕለጊን ራሱ ደሞ ጃቫ 17ን። ስለዚህ አንዲት ቁጥር ልቀይር ብላችሁ ትነሱና አራት ነገር ትቀይራላችሁ። እዚህም ላይ ከስር ወደ ላይ አንድ በአንድ ነው የሄድነው፣ ጃቫው መጀመሪያ፣ ከዛ ግሬድሉ፣ ከዛ ፕለጊኑ፣ ቁጥሯ መጨረሻ፣ በየመሃሉ ኮሚት እያደረግን፣ ማለት ለውጡን ጊት ላይ እያስቀመጥን። ከዛ ተመሳሳይ ኮሚት በድሮውና በአዲሱ ሰርቨር ላይ ቢልድ አድርገን የወጣውን አፕ ጎን ለጎን አየን፣ መጠኑን፣ ውስጡ የገቡትን ላይብረሪዎች ዝርዝር፣ ቴስቱ ስንት እንደሮጠ። አረንጓዴ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ አንዴ አረንጓዴ ሆኖ ቴስቱ ግን 0 ሮጦ አግኝተነዋል፣ የቴስት ፕለጊኑ ቴስቶቹን ማግኘት ስላቃተው ሚሮጥ ነገር የለም ብሎ አልፎት ነው።

ፕለጊኖቹ ላይ ግን ኮከብ እቀንሳለሁ። ጄንኪንስ ከ1800 በላይ ፕለጊን አለው፣ ይሄ እንደ ጥቅም ነው ሚነገረው፣ እኔ ግን እያንዳንዱ ፕለጊን ወደፊት ምትከፍሉት ብድር ነው ምለው። ስትጭኑት አንድ ደቂቃ ነው፣ እሱ ራሱ ሌሎች አምስት ይዞ ይመጣል፣ ሰሪው ከተወው ደሞ አሳዳጊ የሌለው ልጅ ሆኖ እናንተ ላይ ይቀራል። ወደፊት አሻሽላችሁ ሴቲንጉን አንዴ በአዲሱ ካስቀመጠው ወደ ኋላ መመለስ ላይሰራ ይችላል፣ የዳውንግሬድ ቁልፍ አለ ግን ፋይሉን ነው ሚመልሰው እንጂ ሴቲንጉን አይመልስም። 60 ምናምን የነበረንን ወደ 23 አወረድነው፣ አብዛኛውን በተራ ሼል ስክሪፕት ተካነው፣ ስማቸውንና ትክክለኛ ቨርዥናቸውን አንድ ጽሁፍ ፋይል ላይ ጽፈን ጊት ውስጥ አስገባነው፣ አሁን አዲስ ማሽን ላይ ስንጭን የፕለጊን ማኔጀር ቱሉ ያንን ፋይል እያነበበ በትክክል እነዛን ያመጣል። ሁሉንም አዘምን ሚለውን ቁልፍ ከዛ ወዲህ ነክተነው አናውቅም።

ከጄንኪንስ ጎን ኔክሰስ አለን፣ ላይብረሪዎቹን አንዴ ከኢንተርኔት አምጥቶ ቢሮ ውስጥ ሚያስቀምጥ ነው። እንደኛ ኔት ለሚቸገር ሰው ይሄ ከጄንኪንስም በላይ ነው ጥቅሙ። ነሐሴ 9 ቀን 2016 ላይ ጄይሴንተር ሚባለው ትልቅ የላይብረሪ መጋዘን የመጨረሻ በሩን ዘግቶ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ሜቨን ሴንትራል መምራት ጀመረ፣ የመዘጋቱ ወሬ የተነገረው በፈረንጆቹ 2021 ነው፣ እኛ ግን አንዲት የደረሰኝ ፕሪንተር ላይብረሪ እዛ ብቻ እንደነበረች ልብ አላልንም። ቢልዱ ግን አልቆመም፣ ኔክሰሱ ኮፒዋን ይዞ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፣ ወዲያው ወደራሳችን ቋሚ ማከማቻ አዛወርናት፣ ቼክሰሟንም (ፋይሏ አለመቀየሩ ሚታወቅበት ቁጥር) ያዝን። ግሬድል ከ6.2 ጀምሮ የየላይብረሪውን ቼክሰም በፋይል ይዞ ያልተመዘገበ ነገር ሲመጣ ቢልዱን ያቆመዋል፣ እሱን አብሩት። ኖድ በኩል ደሞ ላይብረሪ ስታወርዱ ሰርቨር ላይ ኤንፒኤም ኢንስታል አትበሉ፣ ኤንፒኤም ሲአይ በሉ፣ በሎክ ፋይሉ (ትክክለኛው ቨርዥን ሁሉ በተመዘገበበት) ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው ሚያመጣው።

ኔክሰሱ ራሱ ሲታደስም ያው የበሩ ነገር አለ። 3.71 ላይ ኦሪየንት ዲቢ ሚባለውን የድሮ ዳታቤዝ ጨርሶ ትቶታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ 3.70 ላይ ደርሳችሁ እዛ ሆናችሁ በማዛወሪያው ወደ ኤች2 ወይ ወደ ፖስትግሬስ ከቀየራችሁ በኋላ ነው ሚታለፈው። እሱን ላፕቶፑ ላይ ሁለት ጊዜ ተለማምደን ነው ዋናው ላይ ያደረግነው።

መቼ ነው አፕግሬድ ማደርገው ሚለውን ሁሌ እጠየቃለሁ። የደህንነት ማስተካከያ ከሆነ በዛው ሳምንት፣ ላፕቶፑ ላይ ሞክረን፣ እስክንጨርስም ሰርቨሩን ከዋይፋዩ ለይተን። ሌላው ሁሉ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ላይ ኤክስዚ ሚባለው የመጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ተገኘ፣ አንድሬስ ፍሮይንድ ሚባል መሃንዲስ በኤስኤስኤች (ሰርቨር ከሩቅ ሚገባበት) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ለምን ዘገየ ብሎ ሲፈትሽ ነው ያገኘው። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 ነበሩ፣ በጣም አዲሶቹ፣ የረጋው የዴቢያን ሊኑክስ መስመር ላይ አልደረሱም ነበር፣ የኛም ሰርቨር እዛ ላይ ስለሆነ አልነካንም። ሁለት ዓመት አለመንካት አንዱ ጥፋት ነው፣ በወጣ ደቂቃ መጫን ደሞ ሌላው ጥፋት ነው፣ እኛ አሁን በየ3 ወሩ አንድ ቅዳሜ ይዘናል፣ ከአፕግሬድ በቀር ምንም ማይሰራበት፣ ሐሙስና አርብ ላይ ኮፒው ላይ ሙከራው አልቆ።

ይሄ ልማድ እንደሰራ ያየሁት ታህሳስ 2017 ላይ ነው። 2.479.1 ቀላል ቨርዥን አይደለም፣ ጃቫ 11ን ትቶ 17 ወይ 21 ግድ ይላል፣ ከስር ያለው ጄቲ ሚባለው የዌብ ሰርቨር ወደ 12፣ መግቢያውን ሚጠብቀው ስፕሪንግ ሴኩሪቲ ወደ 6 ሄዷል፣ ብዙ ፕለጊን ሊነካ ሚችል ነው። ኮፒው ላይ ሁለት ፕለጊን ወደቀ፣ አንዱን አሻሻልን ሌላውን አስወጣን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዋናውን ጀመርን፣ ባካፕ ወሰድን፣ ባካፑን ላፕቶፑ ላይ አንስተን ፓስወርዶቹ መከፈታቸውን አየን፣ ኤጀንቱን ጃቫ 17 አደረግን፣ አሻገርነው፣ ሶስቱንም ፕሮጀክት ቢልድ አድርገን አወዳደርን። ከ4 ሰዓት በፊት ቡና ተፈልቶ ነበር። የዛን ቀን ዘበኛችን ጋሼ «ዛሬ ሳታድሩ ጨረሳችሁ እንዴ?» አሉን፣ የዛን የጥር ወር ሌሊት እሳቸውም አብረውን ስላደሩ አይረሱትም።

ስለዚህ ከ5 ኮከብ 4 ነው ምሰጠው። ለቢሮ ውስጥ ስራ፣ ኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ፣ በዶላር ለማይከፍል ቡድን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ መምሪያውና የኤልቲኤሱ መርሃ ግብር ደሞ በጣም የሚታመን ነው። የቀነስኳት አንዷ የፕለጊኖቹ ነች። ብቻችሁን ምትሰሩ ከሆነና ሁለተኛ ማሽን፣ አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን፣ ማግኘት ካልቻላችሁ ግን እንዳታስገቡት ነው ምለው፣ በእጅ ቢልድ አድርጉ ይሻላችኋል። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ የኛው 8 ነው፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ያነሳዋል። ሰርቨሩ ላይ ጄንኪንስና ኔክሰስ አንድ ላይ ካስቀመጣችሁ ግን ከ16 ባታወርዱት፣ የአንድሮይድ ቢልድ ሲገባበት ራሙ ወዲያው ነው ሚያልቀው።